ከሸኖው አደጋ በኋላ አበበ ቢቂላ እንዴት ኖረ? የህብለ ሰረሰር ጉዳት በቀላል አማርኛ

የአበበ ቢቂላን ታሪክ ስናወራ ሮም ላይ እንጀምርና ቶኪዮ ላይ እናቆማለን። ሮም በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ቶኪዮ ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ በወር ከሳምንት ገደማ ድሉን ደገመው። ቀጥለን «ከዚያ የመኪና አደጋ ደረሰበት፣ አረፈ» ብለን ወሬውን እንዘጋዋለን። በአደጋውና በእረፍቱ መካከል ግን ከአራት ዓመት ተኩል በላይ አለ። በነዚያ ዓመታት አበበ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫውቷል፣ ኖርዌይ ድረስ ሄዶ በረዶ ላይ አሸንፏል። ያን ሁሉ ያደረገው እግሮቹ ሳይታዘዙት ነው።

እኛ ሰሜን ሸዋዎች አበበን «የኛ ልጅ» ማለት እንወዳለን። የተወለደው ጃቶ ነው። አደጋው የደረሰበትም ሁላችንም በምንመላለስበት መንገድ፣ በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን መካከል፣ ሸኖ አካባቢ ነው። ስለዚህ ይህን የታሪኩን ክፍል ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባን ነበር።

ብዙ ጊዜ «አይበገሬ ስለነበረ ነው» ይባላል። መንፈሱ ጠንካራ እንደነበር አልጠራጠርም። ግን አባባሉ አንድ ትልቅ ነገር ይሸፍናል። ወገቡን ተመትቶ አልጋ ላይ የቀረ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ «የኛው ልጅ ወኔ ስለሌለው ነው የተኛው» ብሎ ያስባል። ይሄ ግፍ ነው። አበበን ያነሳው የታወቀ የሕክምና አሠራር ነው። አሠራሩ ምሥጢር የለውም። ግማሹን ደነባም ሆነ መሐል ሜዳ፣ ተራ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ዛሬ ላስረዳችሁ የፈለግሁት እሱን ነው።

ያን ሌሊት ምን ተጎዳ?

ቀኑ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። አበበ ማታ ቮልስዋገን መኪናውን እየነዳ ሳለ መኪናዋ ከቁጥጥሩ ውጭ ሆና ተገለበጠች። ውስጧ እንደተያዘ አደረ። ያወጡት በማግስቱ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ወደ ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ተወሰደ። መጋቢት 20 ቀን ደግሞ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ወደሚባል ሆስፒታል ተላከ። በመጀመሪያ ላይ እጅና እግሩ ቀርቶ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አከርካሪ አጥንት ነው። ከአንገት እስከ ጅራት አጥንት ተደርድሮ ይወርዳል። ህብለ ሰረሰር ደግሞ በዚያ አጥንት ውስጥ የሚያልፍ ለስላሳ የነርቭ ገመድ ነው። በውስጡ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ እንዳለው የስልክ ኬብል አድርጋችሁ አስቡት። አንጎል «እግር ተንቀሳቀስ» ሲል ትእዛዙ በዚያ በኩል ይወርዳል። እግር «ተቃጠልኩ» ሲል መልእክቱ በዚያው በኩል ይወጣል። ሽንት መያዝና መልቀቅ፣ ሰገራ፣ ላብ፣ የደም ግፊት ሳይቀር በዚሁ መንገድ ይታዘዛሉ። አጥንቱ ተሰብሮ ገመዱ ሊተርፍ ይችላል። አጥንቱ ብዙም ሳይሰበር ገመዱ ተጨፍልቆ ሊጎዳም ይችላል።

ጉዳቱ የት ቦታ እንደደረሰ ሁሉን ነገር ይወስናል። ከጉዳቱ በላይ ያለው ይሠራል፣ ከጉዳቱ በታች ያለው ይቋረጣል። የላይኛው አንገት ላይ ከሆነ መተንፈስም ያስቸግራል። የታችኛው አንገት ላይ ከሆነ እጅም እግርም ይያዛል። ደረት ወይም ወገብ ላይ ከሆነ እጅ ይተርፋል፣ እግር ይያዛል። «ፓራላይዝ ሆነ» የሚለው አንድ ቃል እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ይጠቀልላቸዋል። የሰዎቹ ኑሮ ግን በጣም የተለያየ ነው።

ሌላው ልዩነት ገመዱ ሙሉ በሙሉ ወይስ በከፊል ተጎዳ የሚለው ነው። በከፊል ከሆነ ጥቂት መልእክት ማለፉን ይቀጥላል፣ የመሻሻል ተስፋውም ይሰፋል። ሐኪም ፊንጢጣ አካባቢ ስሜት መኖሩን የሚመረምረው ይህን ለማወቅ ነው። የገመዱ የመጨረሻ ጫፍ መልእክት የሚመጣው ከዚያ ስለሆነ ነው። ቤተሰብ አፍሮ እንዳይከለክል።

ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ገመዱ ያብጣል፣ ይደነዝዛል። የተቆረጠውም ያልተቆረጠውም አንድ ላይ ዝም ይላል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን «አበቃለት» የሚል ሰው ተሳስቷል። «በሳምንቱ ይነሳል» የሚልም እንዲሁ። አበበ ላይ የሆነው መካከለኛው ነው። ቀስ በቀስ አንገቱ ታዘዘው፣ እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚደረገው

በኛ አካባቢ ይህ ጉዳት ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ ማን ያጣዋል? ባሕር ዛፍ ሊቆርጥ ወጥቶ የሚወድቅ አለ። ክምር ላይ ቆሞ ነዶ ሲያቀብል የሚንሸራተት አለ። ከገደል የሚወድቅ እረኛ አለ፣ ከቤት ክዳን ላይ የሚወድቅ አናጢ አለ።

በዚያች ሰዓት የሚረዳው ሰው ሁሉ ደግ ነው። ሮጦ ይመጣል፣ ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ውኃ ያጠጣል። ችግሩም እዚያው ነው። የላላው አጥንት ሲንቀሳቀስ ያልተቆረጠውን ገመድ ሊቆርጠው ይችላል። በራሱ እግሩን ማንቀሳቀስ ይችል የነበረ ሰው በጀርባ ታዝሎ ወይም ባጃጅ ውስጥ ታጥፎ ተጭኖ ሐኪም ቤት ሲደርስ ሽባ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የወደቀውን ሰው ካለበት አታንሱት። እሳት ወይም ሌላ መኪና የሚመጣ ከሆነ ብቻ ነው የግድ የሚነሳው። አንድ ሰው ራስጌው ላይ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይያዝ፣ ከአካሉ ጋር ቀጥ ብሎ እንዲቆይ። ጣቱንና እግሩን ማንቀሳቀስ ይችል እንደሆነ ጠይቁት። መልሱን አስታውሱት፣ ሐኪሙ ይፈልገዋል። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር ነው፤ ደውሉ። አምቡላንስ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ቃሬዛ እንሠራለን፣ ይሄ የለመድነው ነው። ልዩነቱ ጠፍጣፋና የማይጎብጥ መሆን አለበት። የተነቀለ በር ከብርድ ልብስ ይሻላል። ሦስት አራት ሰው ሆናችሁ፣ ራስጌ ያለው ሰው እየቆጠረ፣ ጭንቅላት፣ ትከሻና ዳሌ አንድ ላይ እንዲዞሩ አድርጋችሁ በጎኑ አንከባልሉት። ሳንቃውን ከሥሩ አስገቡና መልሱት። ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ በተጠቀለለ ጋቢ ደግፉት። ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ እንዲሁ አንድ ላይ በጎኑ አዙሩት።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ልበል። ወጌሻዎቻችን የተወለቀ ክንድና ቁርጭምጭሚት ሲመልሱ ኖረዋል፣ አከብራቸዋለሁ። አከርካሪ ግን መታሸት የለበትም፣ መጎተትም የለበትም። ወደቅኩ ብሎ አንገቱን ወይም ወገቡን የሚያመው፣ እጅ እግሩ የደነዘዘ ሰው መጀመሪያ ራጅ ይነሳ።

ስቶክ ማንደቪል ምን የተለየ ነገር አደረገ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ህብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት አይቆይም ነበር። ሐኪሞችም ተስፋ ቆርጠው ነበር። ሰዎቹ የሚሞቱት ግን በገመዱ መቆረጥ አልነበረም። የሚገድላቸው በጀርባቸው ላይ የሚወጣው ቁስልና የሽንት ቧንቧና የኩላሊት ኢንፌክሽን ነው።

ይህን የቀየረው ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም ነው። አይሁዳዊ በመሆኑ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ እንግሊዝ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1944 ስቶክ ማንደቪል ውስጥ የህብለ ሰረሰር ጉዳተኞችን ክፍል ከፈተ። ትእዛዙ ቀላልና ጥብቅ ነበር፦ በሽተኛው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ። ቀንም ሌሊትም። ሽንቱ በንጽሕና ይወገድ። ቶሎ ይቀመጥ፣ ቶሎ ሥራ ይያዝ። አበበ በደረሰበት ጊዜ ጉትማን ከሆስፒታሉ ጡረታ ወጥቶ ነበር። አሠራሩ ግን ሥር ሰድዶ ቆይቶታል። አበበ እዚያ ስምንት ወር ተኛ።

የሁለት ሰዓቱ ነገር ለምን እንዲህ ያስፈልጋል? ጤነኛ ሰው ተኝቶም ሳያውቀው ይገላበጣል። አንድ ቦታ ሲጫነው ሰውነቱ «ዙር» ይለዋል። ጉዳተኛው ግን ይህ መልእክት አይደርሰውም። አጥንት ቆዳን ከፍራሹ ጋር ሲጨፈልቀው ደም መድረስ ያቆማል። በጥቂት ሰዓት ቆዳው ይሞታል። ቁስሉ ከላይ ትንሽ መስሎ ከሥር እስከ አጥንት ሊጠልቅ ይችላል። ለመዳን ወራት ይፈጃል። ከወገብ በታች ባለው የጅራት አጥንት፣ በተረከዝ፣ በዳሌ ጎንና በመቀመጫ አጥንት ላይ ይበረታል።

ሰዓት ያለው ስልክ ያለበት ቤት ሁሉ ይህን መከላከል ይችላል። በየሁለት ሰዓቱ ይደወል፤ ከጀርባ ወደ ግራ ጎን፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ጎን። በጉልበቶቹ መካከል ትራስ ይግባ። ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትራስ ይደረግ። ሌሊቱን ቤተሰብ ተራ ይግባ፤ ሁሌ እናት ብቻዋን የምትነቃበት ቤት ብዙ አይዘልቅም። ጠዋትና ማታ ቆዳው በብርሃን ይታይ። የሐኪም መጽሐፍ «ቀይ ምልክት» ይላል፣ በኛ ቆዳ ላይ ግን ቀይ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ያለ፣ ሞቅ ያለ ወይም ጠጠር ያለ ቦታ ካገኛችሁ እሱ ነው። እስኪጠፋ ድረስ በዚያ ጎን አይተኛ። አይታሽም። ዊልቸር ላይ የሚቀመጥ ከሆነ በየሩብ ሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ በእጁ ተደግፎ መቀመጫውን ያንሳ። እጁ ካልቻለ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ለደቂቃ ሁለት ደቂቃ ያዘንብል።

አጎዛ ሁላችንም ቤት አለ፣ በተለይ መንዝ። ጸጉሩ ያልረገፈ፣ ንጹሕና ደረቅ የበግ አጎዛ ከተረከዝና ከጀርባ ሥር ቢነጠፍ ይረዳል። ሌላ አገር ሆስፒታል ውስጥም የበግ ቆዳ ለዚሁ ያገለግላል። ግን መገላበጥን አይተካም። ከረጠበም ወዲያው ይቀየር።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ብርዳችን ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ይታወቃል። ሰው አዝኖለት ጉዳተኛውን ወደ ከሰል ምድጃ ያስጠጋዋል፣ ወይም በጠርሙስ ሙቅ ውኃ እግሩ ሥር ያደርግለታል። እግሩ ስሜት የለውም። ሲቃጠል አይጮህም። ቤተሰብ የሚያውቀው ሽታው ሲመጣ ወይም ቆዳው ሲላጥ ነው። ባና አልብሱት፣ ካልሲ ደርቡለት። እሳትና ሙቅ ውኃ ግን ስሜት የሌለውን አካል አይንካ።

ሽንት፣ ሰገራና ድንገተኛው ራስ ምታት

ሰው የማያወራው ግን ኑሮውን የሚወስነው ይሄ ነው። ፊኛው ይሞላል፣ መልቀቅ ግን አይታዘዝም። ሞልቶ ሲቆይ ወደ ኩላሊት ይመለሳል፣ ይመረቅዛል። መፍትሔው በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ በንጹሕ ካቴተር ማስወጣት ነው። ካቴተር ማለት ሰው «ቱቦ» የሚለው ነው። እጁ የሚሠራ ሰው ራሱ ያደርገዋል። ነርስ ታስተምረዋለች። ሳይማር ከሆስፒታል አይውጣ። ቋሚ ቱቦ ከተደረገለትም በቀጠሮው ይቀየር። «ሽንት ያበዛል» ብሎ ውኃ መቀነስ ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት ነው፤ ውኃ ያነሰው ሽንት ቶሎ ይመረቅዛል። ሰገራ በቀን ወይም በሁለት ቀን አንዴ፣ በተወሰነ ሰዓት ይለመድ። አንጀት ሰዓት ያውቃል፣ በተለይ ከምግብ በኋላ።

ጉዳታቸው ከደረት አጋማሽ በላይ የሆኑ ሰዎች ደግሞ አንድ ልዩ አደጋ አለባቸው። ስሙ ኦቶኖሚክ ዲስሬፍሌክሲያ ይባላል። ከታች የሆነ ነገር ሰውነቱን ሲቆረቁረው የደም ግፊቱ በድንገት ይተኮሳል። ራሱን ይፈልጠዋል፣ ፊቱ ያልበዋል፣ ይቀላል። ቆረቆረው የሚባለው የሞላ ፊኛ፣ የታጠፈ ቱቦ፣ የደረቀ ሰገራ፣ የጠበቀ ቀበቶ ሊሆን ይችላል። ሰው ግን መንፈስ መታው ይላል፣ ወይም አስተኝቶ ሻሽ ያስረዋል። ማስተኛት ግፊቱን ያባብሰዋል። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ልብሱን አላሉ። ቱቦውን እዩ፣ ፊኛውን ባዶ አድርጉ። ካልተሻለው ወዲያው ሐኪም ቤት። አንጎል ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል።

ስፖርት እንደ መድኃኒት

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948 የለንደን ኦሊምፒክ ሲከፈት ጉትማን በዚያው ቀን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሌላ ውድድር ከፈተ። 16 ጉዳተኞች በዊልቸር ሆነው ቀስት ወረወሩ። ጨዋታ ይመስላል፣ ግን ሕክምና ነበር። ቀስት መሳብ ትከሻን፣ ክንድንና ጀርባን ያጠነክራል። ያ ጡንቻ ነው ከአልጋ ወደ ዊልቸር የሚያሻግረው። ሆዱና ወገቡ የማይታዘዝ ሰው ቀስት ሲስብ ሚዛኑን መጠበቅም ይማራል። ደግሞ ቀስት ውርወራ ላይ ተቀማጩና ቆሚው እኩል ይወዳደራሉ። ለሰው ልብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ይህን ተመልከቱ። አበበ ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የገባው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ማለት ነው። ልክ በስምንተኛው ቀን፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል የዊልቸር ስፖርተኞች እዚያው ሮም ተሰበሰቡ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው እሱ ነው። አበበ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሚድንበትን ነገር ያዘጋጁ ሰዎች እሱ በሮጠባት ከተማ ነበሩ። ይህን ባወቅሁ ጊዜ በጣም ነው የገረመኝ።

አበበ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1970 በስቶክ ማንደቪል የዊልቸር ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚያዝያ 1971 ወደ ኖርዌይ ሄደ። የተጠራው ለክብር እንግድነት ነበር። እሱ ግን እንግዳ ሆኖ መቀመጥ አልፈለገም። በውሻ በሚጎተት የበረዶ ተንሸራታች 16 ሰዎችን ቀድሞ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ገባ። ሙኒክ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ በዊልቸር ሲገባ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ድሉንም አደጋውንም የእግዚአብሔር ፈቃድ ብሎ መቀበሉን ይናገር ነበር።

ይህን ስሰማ እምነቱ ረድቶታል እላለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ያንን እስኪናገር ድረስ ቁስል አልገደለውም፣ ኩላሊቱ አልተበላሸም፣ ክንዱ በየቀኑ ሠርቷል። ሰው ቁስል እያመረቀዘው፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው «ጠንክር» ቢሉት ከምን ይጠነክራል?

ከስፖርቱ ጋር በተያያዘ የኛዎቹን ዛሬ መጥቀስ ደስ ይለኛል። ኢትዮጵያ ፓራሊምፒክ ላይ መጀመሪያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1968 ቴል አቪቭ ነው። ወርቅ ግን እስከ ቶኪዮ 2020 ጠብቋታል። እሱንም ትዕግሥት ገዛኸኝ በ1,500 ሜትር አመጣችው፣ ፓሪስ 2024 ላይም ደገመችው። ያየሽ ጌጤ ደግሞ ፓሪስ ላይ በዚያው ርቀት ሌላ ወርቅ ጨመረች። ሁለቱ የተለያየ ምድብ ናቸው። ትዕግሥት የምትሮጥበት ቲ13 ጥቂት ማየት ለሚችሉ ነው። ያየሽ የምትሮጥበት ቲ11 ጨርሶ ወይም ጨርሶ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ለማያዩ ነው፤ ዓይን ተሸፍኖ፣ ከመሪ ሯጭ ጋር በገመድ ተያይዞ ነው የሚሮጠው። ሪዮ 2016 ላይ ታምሩ ደምሴ በ1,500 ሜትር ብር ሲያገኝ 3 ደቂቃ ከ48.49 ሰከንድ ነበር የገባው። ከጥቂት ሳምንት በፊት በኦሊምፒኩ ወርቅ ያገኘው ሯጭ 3 ደቂቃ ከ50 ነበር የገባው። የኦሊምፒኩ ውድድር በጣም የተቀዛቀዘ ስለነበር ማነጻጸሩ ልክ አይሆንም። ቢሆንም ቁጥሩ «ለጉዳተኛ ጥሩ ነው» የሚለውን አነጋገር ዝም ያሰኛል።

የትነበርሽ ንጉሤም ትነሳ። አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን አጣች። ሕግ ተማረች፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። እሷ ራሷ የምትለው ዓይነ ስውር ባትሆን በልጅነቷ ትዳር ነበር ዕጣዋ። ሻሸመኔ ያለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተቀበላት። ያ በር ባይኖር ጉብዝናዋን ማን ያየው ነበር?

ከሁሉም ጉዳት የሚድን አንድ አለ

ወገቡ ተይዞ የተኛ ሰው ሁሉ የወደቀ አይደለም። የአከርካሪ ቲቢ የሚባል በሽታ አለ። ሳል ላይኖረው ይችላል። ሳምንታት የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ ሌሊት የሚብስ፣ መክሳት፣ ማታ ማላብ፣ ጀርባ ላይ ጉብ ያለ አጥንት፣ ቀስ እያለ የሚደክም እግር ካለ ይጠርጠር። ቲቢው አጥንቱን እየበላ ገመዱን ስለሚጫን ነው እግር የሚይዘው። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ይሰጣል፣ ለአከርካሪ ዓመት ሙሉ ይወሰዳል። ቶሎ ከተጀመረ ብዙ ሰው ተመልሶ ይሄዳል። ሦስት ወር ሲሆነው ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ ነው የሚያጠፋው።

እንዲህ ያለው በሽተኛ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ጸበል ቦታ ነው፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም። ይሂድ፣ ይጠመቅ። ኪኒኑን በኪሱ ይዞ ይሂድ። ሁለቱን አብሮ መያዝ እምነት ማጉደል አይደለም። ስሜት የሌለው እግር ያለበት ሰው ከሆነ ደግሞ ድንጋይ ላይ እንዳይቀመጥና እርጥብ ልብስ ለብሶ እንዳይቆይ አስታማሚው ይጠንቀቅለት።

የገንዘቡ ጉዳይና ቀጣዩ

አበበ የክብር ዘበኛ ሻምበል ነበር፣ ዓለም የሚያውቀው ሰው ነበር። በሳምንቱ እንግሊዝ ደረሰ። የእንግሊዝ ንግሥት ሳይቀሩ ጠየቁት። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝቶ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተባለ የቀወት ገበሬ ይህ የለውም። ኤምአርአይ የሚባለው የውስጥ አካል ምስል ምርመራ ውድ ነው፣ ቀዶ ሕክምናው ውድ ነው፣ ለሰውነት የሚስማማ ዊልቸርም ውድ ነው። ይህን ማሳነስ አልፈልግም። ዊልቸር ሲገኝ ደግሞ ልኩ ይታይ። የሰፋ ዊልቸር ጀርባ ያጣምማል፣ ትራስ የሌለው በወሩ ቁስል ያወጣል። በኛ ኮብልስቶንና ኮረኮንች ላይ ደግሞ በእጅ የሚዘወረው ባለ ሦስት እግሩ ለረጅም መንገድ ይሻላል፣ ለቤት ውስጥ ግን ሌላ ያስፈልጋል።

አበበ ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፣ በ41 ዓመቱ። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ነው፣ ከአደጋው ጋር በተያያዘ ምክንያት። እንግዲህ ይህ ጉዳት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ የሚያልቅ አይደለም። የኩላሊት ምርመራ፣ የደም ግፊት፣ የቆዳ ቁጥጥር ዕድሜ ልክ ይቀጥላል።

ሕጉም አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ አመቺ እንዲሆን አዝዟል። የሥራ ስምሪቱ አዋጅ 568/2000 በጉዳት ምክንያት ሰውን ከሥራ ማግለልን ይከለክላል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። አዲስ ሕንፃ ሲሠራ፣ መሠረቱ ሳይፈስ «ራምፑ (የዊልቸር መወጣጫው) የት ነው?» ብሎ መጠየቅ የማንም መብት ነው። ካለቀ በኋላ መጠየቅ ዋጋው ሌላ ነው።

አንድ የማይከብድ ነገር አለ፣ እሱን ዘንድሮ ማየት እፈልጋለሁ። የጠረጴዛ ቴኒስ ጠረጴዛ ያለበት ወጣት ማዕከል ወይም ትምህርት ቤት ጥቂት አይደለም። ዊልቸር ከጠረጴዛው ሥር ይገባል። የሚያስፈልገው ጠረጴዛው ምድር ቤት እንዲቀመጥ፣ ደፍ ላይ ሳንቃ እንዲደረግ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሰዓት እንዲያዝ ነው። ራኬቱን መጨበጥ ላቃተው እጁ ላይ በፋሻ ይታሰርለታል። ማዕከል የምትመሩ፣ የስፖርት መምህር የሆናችሁ ካላችሁ በየቀበሌያችሁ ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጠይቁ። ቤት ለቤት ስለሚዞሩ የትኛው ጓዳ ውስጥ ማን እንደተኛ ያውቃሉ።